ሃይኤስ ሚኒባሴ ሸኖን እንዳለፍን ጠፍቶ አልነሳ አለ፤ ድረሱልኝ!

መንገደኛው፦
ሰላም ቤተሰብ። ወደ ደብረ ብርሃን እየሄድን ሸኖን እንዳለፍን ሃይኤሱ ቀጥ አለብን። ሰርግ ነው፤ ሚዜዎቹን የያዝኩት እኔ ነኝ። አልነሳም ብሏል። ባትሪው ይመስለኛል። ከደብረ ብርሃን ባትሪ ላስመጣ? ፍጠኑ፣ ስልኬም ሊዘጋ ነው።

ቀልደኛው፦
ሚዜ ለመቼ ነው? ይግፉት እንጂ!

ባለ ታክሲ፦
ወንድሜ፣ «አልነሳም» ስትል ሞተሪኖው ጭራሽ አይዞርም ወይስ እየዞረ ነው የማይነሳው? ናፍጣ ነው ቤንዚን? ሲጠፋስ እንዴት ጠፋ?

ሳሚ 22፦
የባትሪውን ተርሚናል ፈተህ አጽዳና አጥብቀህ እሰር። የእኔም ልክ እንደዚህ ሆኖ በዚሁ ነው የዳነው።

የድሮ ሹፌር፦
የዘንድሮ ልጆች ቁልፍ ማዞርን ነው መንዳት የምትሉት። እኛ ጎህ ሳይቀድ ዘይት፣ ውሃ፣ ቺንጋ፣ የጎማ ንፋስ ሳናይ ከግቢ አንወጣም ነበር። ውሃ ያዘለ ናፍጣ እናጠልል ነበር። መኪና እንደ በቅሎ ነው፤ ካላየኸው ገደል ይዞህ ይገባል። ከሰርግ በፊት ጋራዥ ይቀድማል።

መንገደኛው፦
ጋሼ ምክርዎን ከሰርጉ በኋላ እሰማለሁ። ናፍጣ ነው፣ ባለ 5ኤል ሞተር። ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል።

ባለ ታክሲ፦
ታዲያ ባትሪው ምን አጠፋ? ሞተሪኖውን በደንብ ካዞረ በባትሪ ገንዘብህን አትጨርስ።

ሳሚ 22፦
ተርሚናሉን ግን አየኸው?

ጋራዥ ያደግኩት፦
መጀመሪያ ድምፁን ስማ። ሞተሪኖው ከወትሮው ቀልሎት በፍጥነት የሚዞር ከሆነ ከዚህ በላይ አታዙረው። የታይሚንግ ቺንጋው፣ የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኑ ጋር የሚያናብበው፣ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ 5ኤል ቺንጋ ነው ያለው። ድምፁ እንደ ወትሮው ከሆነ ግን አጠፋፉን ንገረን። በአንዴ ድርግም ብሎ ከጠፋ የናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለውን ሶሌኖይድ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የናፍጣ መዝጊያ፣ ተመልከት። ቁልፍ ስትከፍት «ጠቅ» ማለት አለበት፤ ካላለ ገመዱ ወጥቶ ይሆናል። እየተንገራገጨ፣ ጉልበት እያጣ ከጠፋ ነገሩ ናፍጣ ነው። ደግሞም አንድ ሰው ከኋላ አቁም፣ ስታስነሳ ጭስ ይወጣል?

መንገደኛው፦
ድምፁ ያው ነው። ዳገቱ ላይ ሲንገራገጭ ቆይቶ ነው የጠፋው። ሚዜው ከኋላ ቆሞ ምንም ጭስ የለም አለ።

ካንዴላ፦
ካንዴላ ቀይር።

ጋራዥ ያደግኩት፦
ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፣ አንተ ልጅ! ግሎው ፕለግ፣ ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት የሚያሞቀውን፣ ማለትህ ከሆነም ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ ነው የጠፋው። ጭስ ከሌለ ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣ እየገባ አይደለም። መንገደኛው፣ ሰሞኑን ማን ነካው?

መንገደኛው፦
ኧረ ማንም! ትናንት የናፍጣ ፊልትሮ ብቻ ነው ያስቀየርኩት።

ቀልደኛው፦
«ብቻ» አለ እኮ 😂

ጋራዥ ያደግኩት፦
ይሄን መጀመሪያ ብትለን ኖሮ! በል ሰዎቹን አውርድና የጋቢናውን ወንበር አንሳ። የናፍጣ ቱቦውን ተከትለህ ፊልትሮውን ፈልግ፤ አናቱ ላይ በእጅ የምትጫን ፖምፓ አለች። ተጫናት። ባዶ እንደ ስፖንጅ ከሆነች አየር ገብቷል። ከስር ያለው የውሃ ሴንሰር ከድሮው ተፈትቶ አዲሱ ላይ ሲታሰር ኦሪንጉን፣ የጎማ ቀለበቱን፣ ይረሱታል፤ እሱን እይ። የቱቦ ማሰሪያ ክላምፖቹንም እንደዚሁ። ናፍጣ ስላልተንጠባጠበ ደህና ነው አትበል፤ እዚያ ጋ የሞተሩ የናፍጣ ፓምፕ ስለሚስብ ወደ ውጪ ሳያፈስ ወደ ውስጥ አየር ይገባል። አጥብቅና እስክትጠነክር ተጫን፣ 50 ጊዜም ይሁን። ከዚያ 10 ሰከንድ አዙር፣ አሳርፍ፣ ድገም። እምቢ ካለ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን የሁለት ኢንጄክተር ቱቦ ነት ላላ አድርግ፤ ሲያዞሩት ናፍጣ ሲተፋ መልሰህ እሰር። እጅህን ከሚተፋው አርቅ።

የሰፈር መካኒክ፦
ኤተር፣ ቶሎ የሚቀጣጠለውን ማስነሻ፣ በመንፊያ እንንፋ የሚል መንገድ ላይ አይጠፋም። እንዳትሰማው። ግሎው ፕለግ ያለው ሞተር ነው፤ ውስጡ ይፈነዳል።

መንገደኛው፦
አንዱ ክላምፕ በእጅ ይዞር ነበር! በካቻቢቴ አጠበቅኩት። ፖምፓዋ መጀመሪያ ባዶ ነበረች፣ አሁን እየጠነከረች ነው። የአንዱ ሚዜ ነጭ ሸሚዝ ናፍጣ ሆኗል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ላስነሳ

ባለ ታክሲ፦
እሺ?

ባለ ታክሲ፦
ወንድሜ?

ጋራዥ ያደግኩት፦
ከተነሳ ሳያጠፋው ይንዳ። ሲደርስ ክላምፑን በአዲስ ይቀይር።

ቀልደኛው፦
ዝም ያለው ወይ ሰርጉ ላይ እስክስታ እየወረደ ነው፣ ወይ የስልኩ ባትሪ ነው። ባትሪ ነው ብሎ ነበር እኮ!

ሳሚ 22፦
ተርሚናሉን ቢያጸዳው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።