የድሮውን ኩዊክን ይዤ ልቀጥል ወይስ በየዓመቱ የሚከፈልበትን ልግዛ?

ባለ ሊሞው፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ሥራዬ ሊሞ መንዳት ነው። የቤታችንን ሒሳብ ለብዙ ዓመት የያዝኩት ኩዊክን በሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። አሁን ያለኝ የ2016ቱ ነው፣ ያ አንዴ ተከፍሎበት የሚያበቃው። ከባንክ ራሱ ማምጣቱን ካቆመ ቆይቷል። እኔም ለመድኩት፤ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ ደረሰኙንና የባንኩን ወረቀት እያየሁ በእጄ አስገባለሁ።

አሁን ላፕቶፑ አረጀ። ዊንዶውስ 10 ነው፣ ወደ 11 አይሄድም ተብያለሁ። አዲስ መግዛቴ ካልቀረ ፕሮግራሙንስ ምን ላድርገው? አዲሱ ኩዊክን በየዓመቱ ይከፈልበታል። ክፍያውን ያቆምኩ ቀን ምን ይሆናል? የዓመታት ሒሳቤ ይቆለፍብኛል? ውስጡ ያለው ቀላል አይደለም፤ ቤቱን ከገዛን ጀምሮ ያወጣነው፣ የመኪናው ወጪ፣ 401ኬው (የጡረታ ቁጠባዬ)፣ ለእናቴ የምልከው፣ እቁቡ፣ አዲስ አበባ ያለው የብር አካውንት፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ባለቤቴ ኤክሴል ይበቃሃል ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ የስልክ አፕ አውርድና ተገላገል ይለኛል። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን እንዲህ አድርግ ከተባልኩ በሥርዓት እሠራለሁ።

የአሌክሳንድሪያው፦

ወንድሜ፣ ይቆለፍብኛል ወይ ያልከውን ላስቀድም፣ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና። እዚህ አሜሪካ የሚሸጠውን የዊንዶውስ ኩዊክን ክላሲክ ዴሉክስ ወይም ከእሱ በላይ ያለውን ከገዛህ፣ ክፍያህ ቢያልቅም ፋይልህ ይከፈታል። የድሮውን ታያለህ፣ አዲሱንም በእጅህ ታስገባለህ። የሚቀርብህ ከባንክ ማምጣቱና የእርዳታ መስመሩ ነው። አድስ አድስ የሚል ማስታወቂያ ስክሪኑ ላይ ይለጠፍብሃል፣ እሱን መቻል ነው። ስታርተር የሚባለው ርካሹ ግን ሲያልቅ ለማየት ብቻ ነው የሚሆነው፣ መጻፍ አትችልም። እሱን እንዳትገዛ።

የ2016ቱ ለምን እንደቆመብህም ልንገርህ። ኩባንያው ያኔ የሦስት ዓመት ሕግ ነበረው። የ2016ቱ ኦንላይን አገልግሎት ያበቃው በ2019 ኤፕሪል መጨረሻ ነው። ከባንኩ ድረ ገጽ የምታወርደውን የኩዊክን ፋይል እንኳ ከዚያ በኋላ አይቀበልም። በዚያው 2016 ባለቤቱ የነበረው ኢንቱዊት ኩዊክንን ሸጠው፣ ከ2018ቱ እትም ጀምሮ ደግሞ ክፍያው በየጊዜው የሚታደስ ሆነ።

የኔ ሐሳብ ግዛው ነው። ያንተን ፋይል አዲሱ በቀጥታ ይከፍተዋል፤ መሐል ላይ ሌላ እትም የሚያስፈልገው ከ2010 በፊት ለነበሩት ነው። ቅዳሜ ማታህን ለቤተሰብህ መልሰው። እኔ ሁሉም ካርድና ባንክ ጠዋት ላይ ገብቶ ነው የሚጠብቀኝ፣ የኔ ሥራ ማየትና ምድቡን ማስተካከል ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ አዲሱ አንዴ ከቀየረው ያንን ፋይል የድሮው መልሶ አይከፍተውም። ስለዚህ መጀመሪያ ኮፒ ለብቻው አስቀምጥ።

ነፃ ሶፍትዌር፦

ከላይ የተጻፈው መረጃ ትክክል ነው፣ በምክሩ ግን አልስማማም። ይህ ሰው ባንክ ማገናኘቱን ትቶ ዓመታት ኖሯል፣ በእጁ ማስገባት አልከበደውም። ታዲያ በየዓመቱ የሚከፍለው ለምኑ ነው?

ደግሞም የገንዘብ ፕሮግራም ባለቤቱ ሲሰለቸው የሚዘጋው ነገር ነው። ማይክሮሶፍት መኒን አስታውሱ። በ2009 መሸጡን እናቆማለን አሉ፣ በ2011 መጀመሪያ ኦንላይኑ ተቋረጠ። እነሱ ቢያንስ ምዝገባ የማይጠይቅ ነፃ እትም ለቀቁ፣ ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል። ሚንት የሚባለውን የበጀት ፕሮግራም ደግሞ ኢንቱዊት በ2009 ገዛው፣ በ2024 ማርች ዘጋው። ሕዝቡ ዳታውን ለማውረድ ተጣደፈ። አዲሱ ኩዊክንም ቢሆን ስትጭነው በእነሱ መለያና ፓስዎርድ ግባ ይልሃል። ፋይሉ አንተ ቤት፣ ቁልፉ እነሱ ጋ ማለት ነው።

እኔ የምለው ግኑካሽ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ሞክር ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ከ1998 ጀምሮ አለ፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ማንም መለያ አይጠይቅህም። ከባንኩ ድረ ገጽ ያወረድከውንም ፋይል ያስገባልሃል። አሠራሩ የሒሳብ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ ገንዘቡ ከየት ወጥቶ የት እንደገባ ሁልጊዜ ሁለቱንም ወገን ይጽፋል። መጀመሪያ ግር ይላል፣ ሲገባህ ግን ሌላ አትፈልግም። ከኩዊክን በኪው አይ ኤፍ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም በሚያነቡት የፋይል ዓይነት፣ አውጥተህ ታስገባዋለህ። የባንክና የካርድ አካውንት ብዙም አያስቸግርም። 401ኬው ግን ያደክምሃል። እሱን የዛሬውን ቀሪ ብቻ ጽፈህ እንደ አዲስ ጀምር።

ታክስ ሠሪዋ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ፕሮግራሙ ነው። እኔ የሰው ታክስ ነው የምሠራው፣ ዋጋ ያለው ውስጡ ያለው መዝገብ ነው። ምኑንም ከመግዛትህ በፊት፣ ያ አሮጌ ላፕቶፕ እየተነሳልህ ሳለ መዝገቡን አውጣው። ሃርድ ዲስኩ ከተበላሸ ይህ ሁሉ ጥያቄ የለም።

የምታወጣው በሦስት መልክ ነው። ከፋይል ማውጫው ባክአፕ የሚለውን ተጠቅመህ ሁለት ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ኤክስፖርት በሚለው ኪው አይ ኤፍ፣ ሌላ ፕሮግራም እንዲያነበው። ሦስተኛው፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱ ነው፣ ፒዲኤፍ። የእያንዳንዱን አካውንት ዝርዝር ከመጀመሪያ እስከ ዛሬ፣ የእያንዳንዱን ዓመት ገቢና ወጪ በምድብ። ፒዲኤፍ የዛሬ ሃያ ዓመትም ይከፈታል፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ከደረሰኞቹ ጋር ያያያዝካቸው ፎቶዎች ካሉ በኪው አይ ኤፍ አይመጡም፣ ለብቻ አውጣቸው።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርህ። ለመደበኛው የታክስ ወረቀት በአብዛኛው ሦስት ዓመት ማስቀመጥ ይበቃል። የቤቱ ግን ሌላ ነው። ጣሪያ ስትቀይር፣ ቤዝመንት ስትሠራ፣ ኩሽና ስታድስ ያወጣኸው ሁሉ በቤቱ መግዣ ዋጋ ላይ ይደመራል፤ ስትሸጠው ትርፉ በዚያ ልክ ይቀንሳል። ለባልና ሚስት አብረው ሲያስገቡ እስከ 500,000 ዶላር ትርፍ ከታክስ ነፃ ነው፣ ከመሸጡ በፊት ካሉት አምስት ዓመታት ቢያንስ ሁለቱን ከኖራችሁበት። በቂ ይመስላል፣ ግን በዚህ አካባቢ ድሮ የተገዛ ቤት የት እንደደረሰ ታውቃለህ። ስለዚህ የቤቱ መዝገብ እስክትሸጠውና ከዚያም ሦስት ዓመት ድረስ ያስፈልግሃል። ቀለም መቀባትና ቧንቧ መጠገን ግን በተለምዶ አይደመርም፣ ጥገና ነው፤ በምድብ ለይተህ ከጻፍከው ዛሬ ያንን ማውጣት የአንድ ሪፖርት ሥራ ነው።

የብሩ አካውንት ደግሞ አለ። ውጭ አገር ያሉህ አካውንቶች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለውን የውጭ አካውንት ማሳወቂያ ማስገባት ግዴታ ነው። እዚያ ላይ የሚጠየቀው በዓመቱ ከፍተኛ የደረሰበት መጠን ነው፤ በብር ታውቀውና የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለዓመቱ መጨረሻ ባወጣው ምንዛሪ ወደ ዶላር ትቀይረዋለህ። ያንን መጠን የሚነግርህ መዝገብህ ነው።

ይህን ከጨረስክ በኋላ ኩዊክንም ግዛ ግኑካሽም ጫን፣ ብትሳሳት የሚጠፋ ነገር የለም።

ባለ ሊሞው፦

እህቴ ተባረኪ። የቤዝመንቱን ወጪ በደንብ ነው የጻፍኩት፣ ለዚህ እንደሚሆን ግን አላውቅም ነበር። ነገ ሁለት ፍላሽ እገዛለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። እቁቡን እስካሁን በወጪ ነው የምጽፈው፣ የደረሰኝ ጊዜ ደግሞ በገቢ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሪፖርቱ የተምታታ ነው የሚሆነው። አዲስ ስጀምር እንዴት ላድርገው? ብሩንስ? ባለፈው ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ የጠቅላላ ሀብት ሪፖርቴ ተዛባ።

ነፃ ሶፍትዌር፦

እቁብ ወጪ አይደለም፣ ገቢም አይደለም። ለብቻው አንድ አካውንት ክፈትለት፣ ስሙን እቁብ በለው። በኩዊክንም በግኑካሽም ይሠራል፣ ዓይነቱን ንብረት አድርገው። ስትጥል ከባንክ ወደ እቁብ ዝውውር ነው። ሲደርስህ ከእቁብ ወደ ባንክ ዝውውር ነው።

ለምሳሌ 20 ሰው 500 ዶላር ይጥላል እንበል፣ የሚደርሰው 10,000 ነው። ዕጣው በአምስተኛው ዙር ወጣልህ። እስከዚያ 2,500 ጥለሃል። 10,000 ስትቀበል የእቁቡ አካውንት ከዜሮ በታች 7,500 ያሳያል። ያ ገና የምትጥለው ዕዳህ ነው፣ የቀሩት 15 ዙሮች በ500። እየጣልክ ስትሄድ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ እቁቡ ሲያልቅ ዜሮ ካልሆነ አንድ ዙር ሳትጽፍ ቀርተሃል ማለት ነው። ዕጣው መጨረሻ ለሚወጣለት ደግሞ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ እያደገ ይሄዳል፣ ቁጠባህ ነው። እንዲህ ከጻፍከው የገቢና ወጪ ሪፖርትህ ውስጥ ጭራሽ አይገባም፣ ጠቅላላ ሀብትህም ሁልጊዜ እውነቱን ያሳያል።

ብሩን በብር አካውንት ያዘው፣ ወደ ዶላር ቀይረህ አትጻፈው። ከ2024 ጁላይ 29 በፊት ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በዚያ ቀን ወደ 75 ተጠጋ፣ ወር ሳይሞላው 100 አለፈ። 100,000 ብር የነበረው ሰው በዶላር ከ1,700 በላይ ያሳየው የነበረው ከ1,000 በታች ሆነ፣ ብሩ ግን አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ያንተም ሪፖርት የተዛባው በዚህ ይመስለኛል። ኩዊክን የምንዛሪ ዝርዝር አለው፣ ቁጥሩን በእጅህ ትቀይራለህ። ግኑካሽ ደግሞ የእያንዳንዱን ቀን ምንዛሪ ለብቻ መዝግቦ ይይዛል፣ እኔ የመረጥኩት ዋናው ምክንያት እሱ ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦

የእቁቡን አጻጻፍ እኔም ወሰድኩት፣ እናመሰግናለን። በብሩም ጉዳይ ግኑካሽ ይሻላል፣ አልከራከርም። 401ኬና አክሲዮን ላለው ሰው ግን አሁንም ኩዊክን ነው የምለው። የተገዛበትን ዋጋና የአክሲዮን መከፋፈሉን (አንዱ አክሲዮን ወደ ብዙ ሲከፈል) እየተከታተሉ በእጅ መጻፍ ሰውን ያስመርራል።

ሳራ የኔ፦

ጋሼ ይቅርታ፣ መሐል ልግባ። የአይቲ ሰው ነኝ። ኤክሴሉን ባለቤትዎ ያሉት ለወር በጀት ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሁሉ ዓመት መዝገብ ግን አይሆንም። አንድ ረድፍ በስህተት ቢሰረዝ የሚነግርዎት የለም፤ እነዚህ ፕሮግራሞች ግን ከባንኩ ወረቀት ጋር ሲያመሳክሩ ልዩነቱን ያሳዩዎታል። የስልክ አፖቹ አብዛኞቹ የሚሠሩት ባንክ በማገናኘት ነው፣ እቁብና የኢትዮጵያ ባንክ አያውቁም።

ስለ ላፕቶፑ ደግሞ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያለቀው በ2025 ኦክቶበር 14 ነው። የድሮውን ኩዊክን እንደ ማጣቀሻ ማቆየት ከፈለጉ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ያላቅቁት፣ ዋይፋዩን ያጥፉት፣ ኢሜይልና ባንክ አይክፈቱበት። እንዲያ ከሆነ ብዙ አያሰጋም። አዲሱ ላይ የ2016ቱን እጭናለሁ ካሉ ግን መጫኛው አለዎት? ሲዲ ከሆነ አዲሶቹ ላፕቶፖች ማንበቢያ የላቸውም፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ለብቻው ይገዛሉ።

ባለ ሊሞው፦

ልጄ ተባረኪ፣ ሲዲው ካርቶኑ ውስጥ አለ። ማንበቢያው የለም፣ ልክ ነሽ።

እንግዲህ እንዲህ ላደርግ ነው። ፒዲኤፉንና ባክአፑን በዚህ ሳምንት አወጣለሁ። ከዚያ ግኑካሹን አዲሱ ላይ ጭኜ ባንኩን፣ ካርዶቹን፣ እቁቡንና ብሩን አስገባለሁ። 401ኬውን በየሦስት ወሩ ከሚመጣው ወረቀት ቀሪውን ብቻ እጽፋለሁ፣ ለጡረታ ነው፣ በየቀኑ አላየውም። ካቃተኝ ዴሉክሱን እገዛለሁ። ያልገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ሳስገባ ሁሉም መግባቱን በምን አውቃለሁ?

ታክስ ሠሪዋ፦

አንድ ቀን ምረጥ፣ ያለፈው ዲሴምበር 31 ይሁን። በድሮው ላይ የእያንዳንዱን አካውንት የዚያን ቀን ቀሪ አትም። በአዲሱም የዚያኑ ቀን አውጣና አንድ በአንድ አስተያይ። ልዩነት ካለ ወደ ኋላ በየዓመቱ መጨረሻ ሂድ፣ የጀመረበትን ዓመት ታገኘዋለህ። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ከአካውንት ወደ አካውንት የተዛወረው ሁለቴ መግባቱ ነው፤ ልዩነቱ ልክ ከአንድ ዝውውር ጋር እኩል ከሆነ እሱ ነው።

ነፃ ሶፍትዌር፦

ለዚህ ነው ሁሉንም የኪው አይ ኤፍ ፋይሎች በአንድ ጊዜ ጫን የምለው፣ አንድ በአንድ አይደለም። አብረው ሲገቡ የዝውውሩን ሁለት ወገን ራሱ ያገናኘዋል። አልገናኝ ካለህ የትኛው አካውንት እንደሆነ እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።