በርተን «የኛዎቹን» ሴቶች አሞግሷል ለምትል ተማሪ ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ሐረር

ጤና ይስጥልኝ። ሐረር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ከክፍል ሰዓት ውጭ በምናካሂደው የንባብ ክበብ ጥቁር ሴት በአውሮፓውያን ጽሑፍ ውስጥ እንዴት እንደተሣለች እየተወያየን ነው። የጀመርነው በሳራ ባርትማን ታሪክ ነው። ይህቺ ደቡብ አፍሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1810 ወደ ለንደን ተወስዳ ገላዋ ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ ለትርኢት ቀረበ፤ በ1815 ፓሪስ ላይ ስትሞትም ዦርዥ ኩቪዬ የተባለው ስመ ጥር የተፈጥሮ ሊቅ አስከሬኗን ከፋፍሎ መረመረው፤ አጽሟ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በቤተ መዘክር ለሕዝብ ሲታይ ቆይቶ ለሀገሯ አፈር የበቃው በ2002 ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑ፤ ተቆጡም።

ችግሩ የመጣው ፊታችንን ወደ ራሳችን ከተማ ስናዞር ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጃንዋሪ 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ከቆየ በኋላ፣ በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ብዙዎቹ የሐረር ሴቶች ከወንዶቻቸው አጠገብ ሲታዩ ቆንጆዎች እንደሆኑ፣ አፍንጫቸው ቀጥ ያለ፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ አፋቸውም ወደ «ካውካሳዊው» መልክ የሚቀርብ እንደሆነ ጽፏል። ይህን ስናነብ አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ «እንግዲያው እሱ የኛዎቹን አሞግሷል፤ የተዋረዱት ሌሎቹ ጥቁሮች ናቸው» አለች፤ አብዛኞቹም በሐሳቧ ተስማሙ። ልጅቷን ሳላሸማቅቅ፣ ውዳሴው ራሱ የዚያው የማዋረድ ሥራ ክፍል መሆኑን እንዴት ላስረዳ?

መልስ፦ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ

መምህርት፣ ጥሩ ጥያቄ አንሥተዋል። እኔ ብሆን ልጅቷን አላርማትም፤ ሚዛኑ የማን እንደሆነ ፈልጋ እንድታገኝ እልካታለሁ። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ብሉመንባኽ እ.ኤ.አ. በ1795 የሰውን ልጅ በአምስት ከፍሎ፣ ነጮቹን ከሁሉ ያማረ ሕዝብ ይገኝበታል ባለው በካውካሰስ ተራራ ስም ሰየማቸው፤ የአፍሪካን ጥቁሮች ደግሞ «ኢትዮጵያዊ» በሚል መደብ አስገባቸው። በዚያ ድልድል የሳራ ባርትማን ወገኖችና እኛ የታች ቤት ጎረቤታሞች ነን። ስድሳ ዓመት ቆይቶ በርተን ሲመጣ ጥቂቶቻችንን ከዚያ አንሥቶ ወደ ላይኛው ቤት ጠጋ አደረገን። ዛሬ ከፍ ያደረገ እጅ ነገ ዝቅ ማድረግም ይችላል፤ ሴቲቱን ግን የጠየቃት የለም።

ልጆቹ አንቀጹን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡትም ያድርጉ። ያው በርተን፣ የሐረር ሴቶች ድምፅ ከሱማሌዎቹ ለስላሳ ድምፅ በኋላ ሲሰማ ሻካራና ጩኸታም ነው ይላል። ወዲያው ቀጥሎ ግን ምን ይሠሩ እንደነበር ይዘረዝራል፦ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ልጅ አዝለው በትልልቅ ቅል ከጉድጓድ ውሃ በራሳቸው ተሸክመው ያመጣሉ፤ በአትክልት ቦታ ይሠራሉ፤ ለገበያነት በሚያገለግለው ረጅም መንገድ ዳር ተቀምጠው ይሸጣሉ። ወንዶቹ ይህን መሰሉን ሥራ እንደ ውርደት ይቆጥሩት እንደነበር ራሱ ይመሰክራል። እንግዲህ የከተማይቱን ኑሮ የተሸከመች፣ ዋጋ የምትጠራና የምትከራከር ሴት ፊት ቆሞ በዚያ አንቀጽ የመዘገበልን የተናገረችውን አይደለም፤ የድምፅዋን ቃና፣ የአፍንጫዋንና የአፏን ቅርጽ ነው። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1975 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ «የጨለማ ልብ» የተባለውን አፍሪካ ላይ የሚያተኩር ልቦለድ የጻፈውን ጆሴፍ ኮንራድን የወቀሰበት አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ በልቦለዱ በወንዙ ዳር የቆመችው አፍሪካዊት ግርማዋና አስፈሪነቷ በሰፊው ሲተረክ አንድ ቃል አትናገርም፤ የነጩ ነጋዴ የኩርትዝ አውሮፓዊት እጮኛ ግን ትናገራለች።

መልስ፦ ወጣት አንባቢ፣ ሐረር

ጋሽዬ፣ በአክብሮት በሐሳብ እለያለሁ። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ጸሐፊ በዛሬ መለኪያ ከመዘንነው የሚተርፍ መጽሐፍ አይኖርም። ደግሞም የጥቁር ሴት ገጽታ ጉዳይ በዋናነት የአሜሪካ ቁስል ይመስለኛል፤ እኛ በመርከብ ተጭነን አልተሸጥንም፤ ያልኖርንበትን ቁጣ ከመዋስ ብንጠነቀቅ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከቤይሩት የተመለሰች፣ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ወንድሜ፣ እኔ የተዋስኩት ቁጣ የለኝም። ቤይሩት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ደመወዝ የሚቆረጠው በችሎታ ሳይሆን በመጣንበት ሀገር ነበር፤ እኔና ፊሊፒናዊቷ አንድ ዓይነት ሥራ እየሠራን ለሷ የሚከፈላት ይበልጥ ነበር። ማዳሜ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ እያመለከተች «የኔዋ ሀበሻ ናት፤ መልኳ መልካም ነው፤ እንደ ሌሎቹ አፍሪካውያን አይደለችም» ትል ነበር፤ ይህንም የምትናገረው ደስ እንዲለኝ አስባ ነው። ያን ጊዜ ብርጭቆዬና ሳህኔ ከቤተሰቡ ዕቃ ተለይተው ከሳህን ማጠቢያው ሥር፣ ከጽዳት ሳሙናው ጎን ይቀመጡ ነበር፤ ፓስፖርቴም እሷ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ያ ምስጋና ብርጭቆዬን ከማጠቢያው ሥር አላወጣልኝም። ለዚያች ተማሪ ይህን ንገሩልኝ።

አልተሸጥንም ላልከው ግን ታሪኩ እንዲህ አይልም። ሐረር ራሷ ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ በነበረው የንግድ መንገድ ላይ ባሮች የሚያልፉባት ከተማ ነበረች፤ በቀይ ባሕር በኩል ከተሻገሩት አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ ባርነት በሀገራችን በሕግ የተሻረውም እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ማህቡባ የምትባለውን የኦሮሞ ልጅ ጀርመናዊው ልዑል ፑክለር በ1837 ገዝቶ ይዟት ሄዶ፣ በ1840 ሙስካው ላይ ሞታ እዚያው ተቀብራለች። እሷም በአውሮፓ ሳሎኖች ውበቷ ተደንቆላታል። ሀገር ቤትም ቢሆን ጉዳዩ አላለቀም፤ ከአረብ ሀገር ተመለሰች ሲባል ስንት ቤተሰብ ለልጁ ሚስትነት ፊቱን እንደሚያጠቁር አንተም ታውቃለህ።

መልስ፦ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ

እኔ ሥነ ጽሑፍ አላጠናሁም፤ በየቀኑ የማየውን ልናገር። ሠርግ በሚበዛበት ወቅት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡና «ትንሽ ፈካ የሚያደርጋት» ቅባት ይጠይቁኛል። ብዙ ጊዜ ልጅቷ አትናገርም፤ እጇን ከነጠላዋ ሥር ትሰበስባለች። አንዳንዶቹ ገበያ የገዙትን፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ፣ ስም የሌለው ብልቃጥ ያሳዩኛል። በእንዲህ ዓይነቱ ቅባት ውስጥ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ፣ አለዚያም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊወሰድ የማይገባ ኃይለኛ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል፤ ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፤ ሲቆምም ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ሽፍታ ያወጣል። ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን በ1970 ባሳተመችው የመጀመሪያ ልቦለዷ ሰማያዊ ዓይን እንዲሰጣት የምትጸልየውን ፔኮላን ሳነብ አሜሪካ ሩቅ ሆና አልታየችኝም።

በአማርኛ ልቦለዶቻችንም ላይ ቅሬታ አለኝ። የምትፈቀረዋ ሴት አፍንጫዋ ሰልካካ፣ መልኳ ቀይ ወይም ቢበዛ ጠይም ስትሆን፣ በጣም ጥቁር ተብላ የምትገለጸው ግን ብዙውን ጊዜ ቡና ይዛ ገብታ የምትወጣ ስም የለሽ ሠራተኛ ናት። ይህን የጻፈው በርተን አይደለም።

መልስ፦ ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር፣ በድጋሚ

ለወጣቱ አንድ ነገር ልጨምር። ፋሺስቱ ጦር በ1935 ሲዘምት ወታደሮቹ ይዘምሩት የነበረው ታዋቂ መዝሙር ቆንጆዋን ሐበሻ «ጠብቂኝ፣ ነፃ ላወጣሽ ነው» የሚል መልእክት ያለው ነበር። በሜይ 1936 ሐረርና ድሬዳዋ ተያዙ። በኤፕሪል 1937 ደግሞ ያው መንግሥት ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖርን ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣ። ሕጉ የሴቲቱን ክብር ለመጠበቅ የወጣ አልነበረም፤ የነጩን ዘር «ንጽሕና» ለመጠበቅ ነው። መዝሙሩንና ሕጉን የሚለያያቸው ሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ጸሐፊን በዘመኑ መመዘን ተገቢ ነው፤ ዘመኑ ግን ይህን ሁሉ እንደያዘ ይመዘን።

መልስ፦ መምህርት፣ ሐረር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባችን የበርተንን አንቀጽ ከነድምፁና ከነሥራ ዝርዝሩ ሙሉውን አትሜ አድላለሁ፤ አጠገቡም የ1937ቱን ሕግ አስቀምጣለሁ። እህቴ ከሳቢያን፣ ስለ ብርጭቆው የጻፍሽውን ስምሽ ሳይጠራ ለልጆቹ ባነብላቸው ትፈቅጂልኛለሽ? የፋርማሲዋንም እህታችንን አንድ ቅዳሜ ወደ ሐረር ብቅ ብላ ስለ ቅባቶቹ ብታስረዳልን ደስ ይለናል፤ ከክበባችን ሴት ልጆች መካከል እነዚህን ቅባቶች የሚጠቀሙ እንዳሉ አውቃለሁና። ከአማርኛ ልቦለዶች ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ የሴት መልክ ገለጻ ገልብጦ እንዲያመጣ አዝዣለሁ፤ የሚያመጡትን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።