ለሽምብጥ አስፋልትና ለፎገራ ዋልካ አንድ መኪና፦ አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ወይስ አዲስ ኤሌክትሪክ?

የሽምብጥ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ እስቲ አንድ ነገር ተከራከሩልኝ ብቻዬን አስቤ አስቤ ደክሞኛል። ቤቴ ባህር ዳር ሽምብጥ ነው፣ ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ፔዳ አካባቢ ስራ እገባለሁ፣ በቀን ቢበዛ 15 ኪሎ ሜትር ብነዳ ነው እሱም ሜዳ አስፋልት። ችግሩ ቅዳሜ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እናቴን ለማየት ወረታ ድረስ ሄጄ ከዛ አስፋልቱን ትቼ ወደ ናበጋ አቅጣጫ ፎገራ ሜዳ ውስጥ እገባለሁ፣ በጋ ላይ አቧራ ነው ምንም አይልም፣ ከሐምሌ ጀምሮ ግን ያ ሜዳ ምን እንደሚሆን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አምና ነሐሴ በወንድሜ አውቶሞቢል ሄጄ ዋልካው በጎማና በፓራፋንጎ መሀል ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር አቆመ፣ ጎረቤቶች በሬ አምጥተው ነው ጎትተው ያወጡን፣ እናቴ ደግሞ ስኳር አለባት መድሀኒቷ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ከዛን ቀን ወዲህ ነው የራሴ መኪና ያስፈልገኛል ያልኩት። ባለቤቴ የነዳጅ ሰልፍ ሰልችቶኛል ኤሌክትሪክ እንግዛ ይላል፣ ወንድሜ ደግሞ አሮጌም ቢሆን ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (በአራቱም ጎማ የሚሄድ) ካልሆነ እናታችን ጋ አትደርሺም ይላል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ መኪና አለ ወይ? ደግሞ አዲስ የነዳጅ አውቶሞቢል አይግባ ተብሎ ሲከለከል እንደኔ አይነቱ ሰው ታስቦበታል ወይ?

ናፍጣ ብቻ፦
ወንድምሽ ልክ ነው እህቴ። እኔ በስራዬ ምክንያት ደራን ፎገራን ሊቦን ለዓመታት ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያ ሜዳ ላይ ነሐሴ ውስጥ ሲሄድ ያየሁት ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕና ትራክተር ብቻ ነው። ባለ 70 የሚባለው ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሰራ ያለ መኪና ነው፣ ዋን ኤች ዜድ ሞተር ያለውን ብታገኚ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ የለው ኮምፒውተር የለው፣ የትኛውም ወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ በመፍቻ ይሰራዋል። ጎማው እራሱ ጠባብ ነው 7.50 በ16፣ ሰው ሰፊ ጎማ ለጭቃ ጥሩ ይመስለዋል ግን ዋልካ ላይ ጠባቡ ጎማ ላዩን ቆርጦ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ይንሸራተታል። ኤሌክትሪኩን ለከተማ ልጆች ተይላቸው።

የፖሊ ልጅ፦
ወንድሜ እኔም የገጠር ልጅ ነኝ፣ ግን እስቲ ቁጥሩን እናስላው። እህታችን በዓመት ውስጥ ዋልካ ላይ የምትነዳው ቀን ቢቆጠር 6 ወይ 7 ቅዳሜ ነው፣ የቀረው ሁሉ አስፋልት ነው። ለ7 ቀን ብላ ዓመቱን ሙሉ የሃርድቶፕ ናፍጣ ትቅዳ? ኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር በግምት 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚበላው፣ ስለዚ የቀኑ 15 ኪሎ ሜትር 3 እንኳን አይሞላም፣ ቤቷ ባለው ተራ ሶኬት ማታ ሁለት ሰዓት ብትሰካው አለቀ። የቅዳሜው ደርሶ መልስ 150 ቢሆን 27 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ እሱም አንድ ሌሊት ትንሽ ሲጨመርበት። ክልከላውን በተመለከተ ደግሞ ጥር 2016 ላይ ሲታወጅ እኔም ደንግጬ ነበር አሁን ግን ልክ ነው ባይ ነኝ፣ አገራችን የምትጠቀመውን ነዳጅ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ከውጭ ነው የምትገዛው፣ መብራቱ ግን ከራሳችን ውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ህዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ያ ውሃ እኮ ከፊሉ እዚህ እኛ በር ላይ ካለው ጣና የሚወጣው አባይ ነው። ጉምሩኩም ተገጣጥሞ ለገባ ኤሌክትሪክ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለመጣ 5፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለመጣው ዜሮ ተብሎ ነው የወጣው፣ ያገለገለ የነዳጅ መኪና ላይ በ2012 የወጣው ኤክሳይዝ ታክስ ግን እስከ 500 በመቶ ይደርስ ነበር። ልዩነቱን ተመልከቱት።

የጤና ባለሙያዋ፦
የፖሊ ልጅ የመብራቱን ነገር ስትል ደስ ይለኛል እኔም አገሬ ናት፣ ግን የምሰራበት ጤና ኬላ ያለበት ቀበሌ መብራት የለም እኮ። እናት ምጥ ይዟት መንገድ ላይ ስትጠብቅ አይቻለሁ፣ መኪና ጠፍቶ አይደለም፣ ያለው መኪና ከጭቃው ማዶ ቆሞ ነው። ክልከላው መጥፎ ነው አልልም፣ ለአዲስ አበባም ለባህር ዳርም አውቶሞቢል ኤሌክትሪክ ይሁን። ግን እየገባ ያለው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ለከተማ አስፋልት የተሰራ ነው፣ ሆዱ መሬት ይልሳል። ለገጠር መንገድ የተሰራ ባለ ሻሲ (አካሉ በጠንካራ ብረት ላይ የተቀመጠ) መኪና ለብቻው ታይቶ ቢፈቀድ ምን ነበረበት? አዲስ አይገባም ሲባል ሁላችንም አሮጌው ላይ ተረባረብን፣ ሃያ ዓመት የተነዳ መኪና ዋጋው አልወርድ አለ፣ እሱን ከፍሎ የሚገዛው ደግሞ የገጠር ሰው ነው።

ጋራዥ ቀበሌ 14፦
እኔ ሁለቱንም አይነት መኪና ስለምፈታ ልናገር። መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይ፣ ሰው ፎር ዊል ሲል ሁሉንም አንድ ያደርገዋል አንድ ግን አይደለም። ሎው ማርሽ (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረው) ያለው አለ የሌለው አለ። ራቭ ፎር አራቱንም ጎማ ይነዳል ግን ሎው የለውም፣ ዝናብ ለዘነበበት አስፋልትና ለጠጠር ፒስታ ይበቃል፣ ጭቃ ውስጥ ቀስ ብሎ በጉልበት የሚጎትት ነገር ግን የለውም፣ ነጂው ቤንዚን ሲሰጠው ጎማው ብቻውን ይዞርና ይቀበራል። ሃርድቶፕና ሃይሉክስ ላይ ያለው ደግሞ ስታስገቢው የሚገባ ስታወጪው የሚወጣ ነው፣ ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብተሽ ከነዳሽ የፊትና የኋላ ጎማ መዞሪያ ላይ እኩል ስለማይሄድ ውስጡ ይጠማዘዛል፣ አንድ ደንበኛዬ ረስቶት ከወረታ እስከዚህ ድረስ በፎር ነድቶ መጥቶ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን የማከፋፈያ ሰንሰለት ቀይረንለታል። ፕራዶ ሁሌም በአራቱም ነው የሚሄደው መሀል ላይ የፊትና የኋላውን ልዩነት የሚያስተካክል የራሱ ዲፈረንሻል ስላለው አስፋልትም አይጎዳውም፣ ጭቃ ሲመጣ እሱን መቆለፍ ነው፣ ሎውም አለው። ለእህታችን ጥያቄ በጣም የሚቀርበው ፕራዶ ነበር፣ ገንዘቡ ካለ።

ሃርድቶፑን አልሳደብም እንጀራዬ ነው። ግን ወንድሜ ናፍጣ ብቻ፣ ያላልከው ነገር አለ። ያ ሞተር ቱርቦ ስለሌለው ከፍታ ላይ አየር ያንሰዋል፣ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል፣ ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት እና ቁጭ ብለሽ ሳለሽ አንድ አምስተኛው ሊቀንስ ምንም አልቀረው። ደብረ ታቦር ዳገት ላይ ከኋላው ስንት መኪና እንደሚሰለፍ አይታችኋል። ከኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ ብረት) ነው፣ ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፣ የታመመች እናት አስተኝቶ ከናበጋ ወረታ ማምጣት ከባድ ነው። በየቀኑ ጠዋት ልጅ ይዞ ከሽምብጥ ፔዳ የሚሄድ ሰው በዛ መሪና በዛ ፍሪሲዮን ይደክማል።

ናፍጣ ብቻ፦
የባሌስትራውን እቀበላለሁ። ግን መድረስ ነው ዋናው፣ ተንገላቶ መድረስ ጭቃ ውስጥ ከማደር ይሻላል፣ እሷም ያለችው እሱን ነው።

የፖሊ ልጅ፦
ኤሌክትሪኩስ ለምን አይደርስም? ኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል ያለ ማርሽ ቀስ ብሎ መጎተት ይችላል። ባለ ሁለት ሞተሩ ፊትም ኋላም ይነዳል። ባትሪው ደግሞ ውሃ እንዳያስገባ የታሸገ ነው። ከደጀን አባይ በረሃ ስትወርዱ ፍሬን ሳትነኩ መኪናው እራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፣ ናፍጣው እዛ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲሸት ነው የሚወርደው።

ጋራዥ ቀበሌ 14፦
ያልከው ሁሉ እውነት ነው ወንድሜ፣ ቁልቁለቱ ላይ ኤሌክትሪክን የሚያክል የለም። ግን ዋልካ ላይ መኪና የሚያቆመው የጉልበት ማነስ አይደለም። ሶስት ነገር ነው የሚያቆመው፣ ክብደት፣ የሆድ ከፍታና ጎማ። እዚህ በብዛት የምናየው ትልልቁ ኤሌክትሪክ ከነባትሪው 2 ቶን ገደማና ከዛ በላይ ነው፣ ብዙው ባለ አንድ ሞተር ነው፣ ከሆዱ እስከ መሬት 20 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፣ ጎማውም የአስፋልት ጎማ ነው። የጋሪና የትራክተር ጎማ የቆፈረው ቦይ ውስጥ ሲገባ ሆዱ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ አራቱም ጎማ አየር ላይ ይሽከረከራል፣ ያኔ ሁለት ሞተር ቢኖረው ምን ይረባል? ሆዱ ደግሞ ባትሪው ነው። ድንጋይ መትቶት ሽፋኑ ጎድጉዶ የመጣ አይቻለሁ፣ እኔ ልከፍተው አልደፍርም፣ የሚከፍተውም እዚህ ከተማ ፈልገን አላገኘንም፣ በጭነት መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ሄደ። አምስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር።

ቀላል መኪና ጭቃ ላይ ምን እንደሚሰራ ማየት የሚፈልግ ሱዙኪ ጂምኒን ይይ። 1.1 ቶን ገደማ ነው፣ ሆዱ 21 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ሻሲ አለው ሎው አለው፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ እንደ ባጃጅ የትም ይቆማል። ግን አራት ሰው ነው የሚይዘው፣ አራት ሰው ከተቀመጠ ከኋላ አንድ ሻንጣ ነው። እህታችን ባልና ሁለት ልጅ ካላት እናቷን የት ልታስቀምጥ ነው?

የሽምብጥ እናት፦
ልጆቼ ሶስት ናቸው። ጂምኒ ቀረ ማለት ነው።

ጋሼ አባይ ማዶ፦
ልጄ እኔ ሌላ ሀሳብ ላምጣ። ፎገራ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ያ ሜዳ በክረምት ለመኪና የተሰራ አይደለም፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ መንገዱና የሩዙ ማሳ አይለይም፣ የምትነጂበትን አታይም። እኛ ክረምት ሲገባ በበቅሎ ነበር፣ ሲብስ በታንኳ። አሁንም የሚሻለው መኪናሽን ወረታ ዘመድ ግቢ አቁመሽ የቀረውን በእግርም በበቅሎም መግባት ነው። እናትሽን ደግሞ ሰኔ ሳይወጣ ወደ አንቺ ቤት አምጫት፣ መስከረም ስትመለስ መንገዱም ይደርቃል። እንዲህ ከሆነ ለከተማ የፈለግሽውን ግዢ።

የሽምብጥ እናት፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔም ለምኛት ነበር። ሩዙ የሚታረመው በክረምት ነው ማሳዬን ትቼ አልመጣም አለችኝ። አንድ ክረምት እሺ ብላ መጥታ በሶስተኛው ሳምንት እያለቀሰች ነው የተመለሰችው። ስለዚ እኔ ነኝ መሄድ ያለብኝ።

የጤና ባለሙያዋ፦
ጋሼ እርስዎ ያሉት ለጤነኛ ሰው ይሆናል። ስኳሯ ወርዶ እራሷን የሳተች ሴት በበቅሎ አትመጣም።

ጋሼ አባይ ማዶ፦
እሱስ እውነትሽን ነው ልጄ።

ናፍጣ ብቻ፦
ታዲያ መካኒኩ ሁሉንም ጣልክ፣ ምን ትግዛ ነው የምትለው?

ጋራዥ ቀበሌ 14፦
ፕራዶ አቅሟ ካልፈቀደ ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ። ግን ስሙ እንዳያታልላት። ቪታራ የሚባል መኪና ብዙ ነው፣ የድሮው የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባለ ሻሲ ነው ጠንካራ ነው ግን አርጅቷል፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው አዲሱ ደግሞ ቆንጆ የከተማ መኪና ነው ሎው የለውም። እኔ የምለው በሁለቱ መሀል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሰራውን ባለ አምስት በር ነው። እሱ እንደ ፕራዶ ሁሌም በአራቱ ይሄዳል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ፎር ኤች፣ ፎር ኤች ሎክ፣ ፎር ኤል ሎክ እያለ የሚዞር ቁልፍ አለው፣ ፎር ኤል ማለት ሎው ማለት ነው፣ እሱ ከሌለበት ያው ስሙ ብቻ ነው አይገዛ። አራቱም እግር ለየብቻው በሞላ (ስፕሪንግ) ስለሆነ አስፋልት ላይ እንደ አውቶሞቢል ነው። ቤንዚን ነው፣ ሰልፉ አይቀርም፣ እሱን አልዋሽም። ጎማውን ግን የአስፋልቱን አውጥታ ጥርሱ ከፈት ያለ ለሁሉም መንገድ የሚሆነውን ታድርግ፣ ጥርሱ ጠባብ ከሆነ ዋልካው ሞልቶት ለስላሳ ያደርገዋል ያኔ ባለ ስንት ዲፈረንሻል ቢሆን ይንሸራተታል። ከዛ ደግሞ አካፋ፣ የሚጎትት ገመድና ሁለት ጣውላ ኋላ ላይ። ሜዳው ውሃ ከተኛበት ግን ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ማንም መኪና አይግባ።

የፖሊ ልጅ፦
ቪታራውን ለእሷ ጉዳይ እቀበላለሁ። ክልከላው ላይ ግን አቋሜን አልቀየርኩም፣ ዛሬ አሮጌ እየገዛን ከቆየን የገጠሩን ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ማንም አያመጣልንም፣ መጠየቅ ያለብን እሱን ነው፣ ከፍ ያለ፣ ባለ ሁለት ሞተር፣ ባትሪው ሆዱ ስር ጥሩ ሽፋን ያለው።

የጤና ባለሙያዋ፦
እሱ እስኪመጣ ድረስ እናቶች ይጠብቁ ነው የምትለኝ። እዚህ ላይ አንስማማም ወንድሜ፣ እስኪመጣ ድረስ በሩ በሙሉ መዘጋት አልነበረበትም።

የሽምብጥ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ሆኖ ሲያነብ ነበር፣ የባትሪው ጉዳይና አዲስ አበባ ድረስ በጭነት የሚለው አሳሰበው፣ ለሁለት ዓመት ቪታራውን እንያዝና ከዛ እናያለን ብሏል። አየር ማረፊያ መንገድ ላይ አንድ የ2008 እ.ኤ.አ. እናያለን ብለን ተቀጣጥረናል ቁልፉ ላይ ፎር ኤል አለው ብሎኛል ሻጩ። ጋራዥ ቀበሌ 14 ቅዳሜ ጠዋት ይመችሃል ወይ፣ አብረኸን ብታየው?

ጋራዥ ቀበሌ 14፦
ይመቸኛል እህቴ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ሻጩን ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሪው፣ ቀዝቃዛውን ሲነሳ መስማት እፈልጋለሁ። ከዛ በሰባታሚት በኩል ፒስታው ላይ ወስደን ሎውን እናስገባዋለን፣ ካልገባ አንገዛም።