አስቸኳይ፦ አፕዴት መሃል ላይ ቆመ፣ «ቦታ የለም» ይላል፣ ዲስኩ ግን ባዶ ነው

አይቲ_ክፍል
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ። የቢሮው ሰርቨር ላይ አፕግሬድ ሰጥቼ ግማሽ ላይ ቆመ። «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ «ኤረር ኮድ 1» መለሰ ይላል። ዲስኩ ላይ 40 ጊጋ ባዶ አለ! አሁን ሌላ ነገር ልጭን ስልም ያው ስሕተት ነው የሚመጣው። መብራት እየሄደ እየመጣ ነው፣ ዩፒኤሱ ከ20 ደቂቃ በላይ አይዝም። ሪስታርት ላድርገው?

ቀይ_ኬብል
እንዳትነካው! ሪስታርት የሚባል ነገር አሁን የለም። አዲሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ገብቶ ኢኒትአርዲ ፋይሉ (ከርነሉ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጭነው ፋይል) ካልተሠራለት፣ ሲነሣ ግረብ (ከርነሉን መርጦ የሚያስነሣው ፕሮግራም) አዲሱን መርጦ «አኔብል ቱ ማውንት ሩት» ብሎ ሊቀር ይችላል። የምን ሲስተም ነው? ስንት ቁጥር? የ«ዲኤፍ -ኤች /ቡት» እና የ«ዩኔም -አር» ውጤት ላክ።

ሚሚ_ዌብ
አፕት ክሊን በለው፣ ቦታ ይለቃል።

ቀይ_ኬብል
@ሚሚ_ዌብ እሱ የሚያጸዳው /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስን ነው። የሞላው /ቡት (የማስነሻ ፋይሎቹ ቦታ) ከሆነ አንድ ሜጋ እንኳ አይለቅም።

አይቲ_ክፍል
ኡቡንቱ 22.04። /ቡት 488 ሜጋ፣ የቀረው 41 ሜጋ። የሚሠራው 5.15.0-141-ጀነሪክ። /ቡት ውስጥ 139፣ 140፣ 141 እና 143 አሉ። ግን እኮ 40 ጊጋ ባዶ አለኝ።

ቀይ_ኬብል
40 ጊጋው የሩት (የዋናው ፓርቲሽን) ነው። /ቡት ለብቻው የተከፈለ ፓርቲሽን ስለሆነ ከሩት ቦታ አይበደርም። 22.04 ላይ አንድ ከርነል ከነኢኒትአርዲው 120 ሜጋ አካባቢ ይበላል፣ አብዛኛው ኢኒትአርዲው ነው። ሦስቱ ተቀምጠው አራተኛው ሲመጣ 488 ሜጋ አይችልም። በዚያ ላይ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ ነባሩን ፋይል ራሱ ሲያድስ መጀመሪያ «.ኒው» የሚል ቅጂ ጽፎ ነው የሚቀይረው፣ ስለዚህ አዲስ ከርነል ባይኖርም ትርፍ ቦታ ይፈልጋል።

ኩሩ_ሲስአድሚን
ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ

አይቲ_ክፍል
ሞክሬዋለሁ፣ ያው ስሕተት።

ፒያሳ_ኔት
ወንድሜ መጀመሪያውኑ አፕዴት ምን አስቸኮለህ? የሚሠራ ሰርቨር አይነካም። ከውጭ የማይታይ የውስጥ ሰርቨር ከሆነ ማን ይመጣበታል?

ጋሽ_ተርሚናል
@ፒያሳ_ኔት ይህን አነጋገር ልጆቹ እንዳይይዙብን እሰጋለሁ። ዋናክራይን (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን የዊንዶውስ ቫይረስ) አስታውስ። ማይክሮሶፍት የቀዳዳውን መዝጊያ ያወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር መጋቢት 2017 ላይ ነው፤ ግንቦት 12 ቫይረሱ ዓለምን ሲያዳርስ መዝጊያው ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። አንድ ኮምፒውተር ከገባ በኋላ በ445 ፖርት ከማሽን ወደ ማሽን በራሱ የሚዘልቀው በዚያው በ«ውስጥ» ኔትወርክ ነበር። ሊኑክስ ነው ካልክም፣ ሐምሌ 2024 የወጣው የኦፕንኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያው ፕሮግራም) ቀዳዳ 22.04ን ይነካ ነበር፣ ሳይገቡ የሩት (የሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ሊያስገኝ የሚችል ቀዳዳ። የውስጥ ሰርቨር የሚጠበቀው ከውጭ ሰው ብቻ አይደለም፤ ቫይረስ ይዞ ከቤት ከሚመጣ ላፕቶፕም ነው። ሌላም ነገር፦ ከርነሉን ጭኖ ወራት ሪስታርት ያላደረገ ሰው አሮጌው ከርነል ላይ ነው ያለው። /ቫር/ረን/ሪቡት-ሪኳየርድ የሚባል ፋይል ካለ ማስተካከያው ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ነው።

ዲሲ_ሌሊት_ፈረቃ
ጋሼ ትምህርቱ ልክ ነው፣ ግን የልጁ ዩፒኤስ 20 ደቂቃ ነው 😄

ሰላም_ኦፕስ
@አይቲ_ክፍል መጀመሪያ ቲመክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን የሚያስቀጥል ተርሚናል) ክፈትና እዚያ ውስጥ ሥራ፣ ኤስኤስኤች ቢቋረጥ ዲፒኬጂ (ፓኬጅ ጫኙ) መሃል ላይ እንዳይቀር። ከዚያ የ139ን ኢኒትአርዲ ወደ /ሩት ፎልደር አዛውረው። አታጥፋው፣ አዛውረው ብቻ፦
ሱዶ ኤምቪ /ቡት/ኢኒትአርዲ.ኢሜጅ-5.15.0-139-ጀነሪክ /ሩት/
100 ሜጋ አካባቢ ይለቅልሃል። 141ን እንዳትነካ፣ አሁን የሚሠራው እሱ ነው። ከዚያ በተራ፦
ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ
ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል
አሁን የ143 ኢኒትአርዲ መሠራት አለበት። ካለፈ በኋላ፦
ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ
ይህ 139ን በሥርዓቱ ያነሣዋል፣ 140ንም ሊጨምር ይችላል። ካላነሣው በስሙ ፐርጅ አድርገው፦ ሊኑክስ-ኢሜጅ፣ ሊኑክስ-ሞጁልስ እና ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ፣ ሁሉም ከ5.15.0-139-ጀነሪክ ጋር፣ በአንድ መስመር። ኢሜጁን ብቻ በዲፒኬጂ ልታነሣ ብትል ኤክስትራው ስለሚደገፍበት እምቢ ይላል። ቪኤምሊኑዙን (የከርነሉን ፋይል ራሱን) በአርኤም መሰረዝ ግን አይሆንም፤ ዲፒኬጂ ከርነሉ አለ ብሎ ያምናል፣ ዲስኩ ላይ ግን የለም።

ኩሩ_ሲስአድሚን
ቦታው ከተለቀቀ በኋላ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ ብሏል እኮ፣ እኔም ያልኩት እሱን ነው።

ሰላም_ኦፕስ
ቅደም ተከተሉ ነው ወንድሜ። ቦታ ሳይለቀቅ መቶ ጊዜ ብትደጋግመው ያው ነው።

አይቲ_ክፍል
አዛወርኩ። አሁን «ኩድ ኖት ጌት ሎክ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ሎክ-ፍሮንትኤንድ» ይላል። ሎኩን ላጥፋው?

ሰላም_ኦፕስ
አታጥፋ። ብዙውን ጊዜ አናተንድድ-አፕግሬድስ (በራሱ አፕዴት የሚያደርገው ፕሮግራም) ነው የያዘው። የፕሮሰሱን ቁጥር ራሱ መልእክቱ ይነግርሃል፣ በ«ፒኤስ» እየው፣ እስኪጨርስ ጠብቅ። ሎክ ፋይል ሰርዞ ሁለት ዲፒኬጂ ጎን ለጎን ማስኬድ የፓኬጅ መዝገቡን ያበላሻል፣ ያኔ የዛሬው ችግር ቀላል ነበር ትላለህ።

ዲሲ_ሌሊት_ፈረቃ
መብራቱ ቀድሞህ ቢሄድና ሲነሣ ፓኒክ ብሎ ቢቆም አትደንግጥ። ሲነሣ ሺፍት ያዝ፣ ዩኢኤፍአይ ከሆነ ኤስኬፕ ጠቅ አድርግ፣ የግረብ ዝርዝር ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ 141ን ምረጥ፣ ይነሣል፤ ጥገናውን ከዚያ ትቀጥላለህ። ኪቦርድና ስክሪን ማሽኑ አጠገብ ይኑር።

ቀይ_ኬብል
እንዳይደገም፦ /ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ/50አናተንድድ-አፕግሬድስ ውስጥ «ሪሙቭ-አንዩዝድ-ከርነል-ፓኬጅስ» «ትሩ» መሆኑን እይ። «ኦቶማቲክ-ሪቡት» ካልነካኸው «ፎልስ» ነው፣ ስለዚህ የሪስታርት ሰዓት አንተ መድብ። 488 ሜጋ ግን ሁሌም ጠባብ ነው። /ኢቲሲ/ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ/ኢኒትራምኤፍኤስ.ኮንፍ ላይ «ሞጁልስ=ሞስት»ን ወደ «ዴፕ» ብትቀይር ኢኒትአርዲው በጣም ያንሳል፣ ነገር ግን የዚህን ማሽን ድራይቨሮች ብቻ ስለሚይዝ ዲስኩን ነቅለህ ሌላ ሰርቨር ላይ ብትሰካው ላይነሣ ይችላል። ማሽን የምትቀያየሩ ከሆነ አትንካው፤ ወደፊት እንደ አዲስ ስትጭን /ቡትን 2 ጊጋ ስጠው።

ጋሽ_ተርሚናል
በዲኤፍ ባዶ የሚመስል ሩት ላይም «ቦታ የለም» የሚመጣበት ጊዜ አለ። «ዲኤፍ -አይ» በሉ፣ አይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚያስፈልገው መዝገብ) አልቆ ይሆናል። የድሮ ሊኑክስ-ሄደርስ ሲከማች በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ይዞ ይቀመጣል።

ፒያሳ_ኔት
ጋሼ ተቀብያለሁ። ግን በሥራ ሰዓት አፕዴት አይደረግም፣ ይህን እንኳ ፍቀዱልኝ።

ጋሽ_ተርሚናል
እሱማ ትክክል ነው። ባክአፕ ተይዞ፣ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ስናፕሾት ተነሥቶ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ።

ሰላም_ኦፕስ
@አይቲ_ክፍል የት ደረስክ? ሪስታርት ከማድረግህ በፊት የ«ኤልኤስ -ኤልኤች /ቡት» ውጤት ለጥፍልን። ለ143 ቪኤምሊኑዝም ኢኒትአርዲም መኖር አለበት፣ መጠኑም ከ141ዱ ጋር መቀራረብ አለበት። ከዚያ ሱዶ አፕዴት-ግረብ።

ቆጣቢ
ሰላም፣ እኔ ጋ 20.04 ነው፣ /ቡት ደግሞ ከዚህም ያነሰ። ተመሳሳይ ነገር ልሥራ?

ቀይ_ኬብል
@ቆጣቢ ማጽዳቱ ያው ነው፣ ግን የ20.04 መደበኛ ድጋፍ በግንቦት 2025 አልቋል። ወይ ኡቡንቱ ፕሮ (የድጋፍ ማራዘሚያው) አያይዘው፣ ለግል አጠቃቀም እስከ 5 ማሽን ነፃ ነው፤ ወይ በ«ዱ-ሪሊዝ-አፕግሬድ» ወደ 22.04 ውጣ። ማሻሻያው /ቡት ላይ በቂ ቦታ ካጣ ከመጀመሩ በፊት ስንት ሜጋ እንደሚፈልግ ነግሮህ ይቆማል፣ ስለዚህ ቀድመህ አጽዳ። በኤስኤስኤች የምትሠራ ከሆነ 1022 ላይ ተጨማሪ መግቢያ ይከፍታል፣ ፋየርዎሉ ላይ ያንን ፖርት ለራስህ አድራሻ ብቻ ፍቀድ፣ ሲያልቅ ዝጋው።