አስቸኳይ፦ የሰርግ ቪዲዮ ፕሮጀክት ያለበት ዲስክ ኢሜጅ አልከፈት አለኝ

ሰርግ ቤት፦
ወገን ድረሱልኝ። 8 ሰዓት ላይ መብራት ድርግም ብሎ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ፕሮጀክቴ አልከፈት አለ። ደብል ክሊክ ሳደርገው ትንሽ አሰብ ያደርግና «ሪሶርስ ቴምፖራሪሊ አንአቬይለብል» ይለኛል። አስር ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሰርጉም መልሱም እዚያው ውስጥ ነው። ሙሽሮቹ ነገ ማታ ይበራሉ!

ገመድ ጎታች፦
በምን ነው የምትሰራው? ፋይሉስ የት ነው ያለው? ጠንቋይ አይደለንም እኮ።

ሰርግ ቤት፦
ይቅርታ። ማክቡክ፣ የቪዲዮ መቁረጫው ፋይናል ከት። ላይብረሪው (ፕሮጀክቱ ከነምስሉ ያለበት) ናስ ላይ፣ ማለትም የኔትወርክ ማከማቻ ላይ፣ ባለ ስፓርስ በንድል የሚባል ዲስክ ኢሜጅ ውስጥ ነው፣ 600 ጊጋ ይሆናል። ማክቡኩ ባትሪ ስላለው አልጠፋም፤ የጠፉት ናሱና ራውተሩ ናቸው።

ምናለ በለኝ፦
ማክቡኩን አጥፍተህ አብራው።

ሰርግ ቤት፦
ሁለቴ አድርጌዋለሁ።

የድሮ ቆራጭ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ የያዝከውን ዕቃ ዕወቅ። ስፓርስ በንድል አንድ ፋይል ይመስላል እንጂ ፎልደር ነው። ውስጡ ባንድ የሚባሉ ቁርጥራጮች አሉ፣ መጠኑን ካልቀየርክ እያንዳንዳቸው 8 ሜጋ። የአንተ ከ70 ሺህ ቁራጭ በላይ ነው። ታይም ማሽንም ኔትወርክ ላይ ባክአፕ ሲያደርግ ይህንኑ ነው የሚጠቀመው። ማኩ ግን ውስጡን የራሱ ዲስክ አድርጎ ነው የሚያየው፤ እየጻፈበት ኔትወርኩ ሲቋረጥ ሃርድ ዲስክ ከጎኑ መንጭቆ እንደ መንቀል ነው። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስ ሳይገዙ ናስ መግዛት ምን የሚሉት ነው?

ድንኳን ተከላ፦
በቃ ድጋሚ ይጋቡ። ድንኳኑ በእኔ።

ካሜራ ሁለት፦
ኢሜጅ ውስጥ መክተቱ ራሱ ስህተት ነው። ፋይናል ከት ከ2016ቱ 10.3 ጀምሮ ላይብረሪን ናስ ላይ በኤስኤምቢ 3 (የኔትወርክ ፋይል ማጋሪያ) በቀጥታ ይከፍታል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይክፈተው እንጂ።

ሰርግ ቤት፦
የእኔ ናስ አሮጌ ነው፣ በቀጥታ ሳስቀምጥ እምቢ ብሎኛል። በዚህ ዘዴ ሁለት ዓመት ሰርቻለሁ።

ካሜራ ሁለት፦
ሁለት ዓመት ዕድል ቀናህ በለኝ።

ምናለ በለኝ፦
ናሱንም አጥፍተህ አብራው።

ገመድ ጎታች፦
ተረጋጉ። ያ መልእክት «ተበላሽቷል» ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ «ሌላ ይዞታል» ማለት ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ሌላ ማክ አለ? ካለ መጀመሪያ እዚያ ኢጀክት አድርገው። ሁለት ማክ በአንድ ጊዜ ቢጽፉበት ያኔ ነው ልቅሶ የምትቀመጠው። ሌላ ማክ ከሌለ የናሱ ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ ግባና የተንጠለጠለውን ኮኔክሽን ቁረጠው። ሲለቅ ደስ ብሎህ ወዲያው ፋይናል ከት እንዳትከፍት! በንድሉን እንዳለ ወደ ውጪ ዲስክ ቅዳው። በጊጋቢት ገመድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በዋይፋይ እንዳትሞክረው። ከዚያ ቅጂውን ክፈትና በዲስክ ዩቲሊቲ መጠገኛውን ፈርስት ኤይድ አስኪድበት። ናሱ ላይ ያለውን አትንካው።

ድንኳን ተከላ፦
ቀልዱን ትቼ፣ የማክቡክህ ሙቪስ ፎልደር ውስጥ ፋይናል ከት ባክአፕስ የሚል አለ። ቦታውን ካልቀየርከው ፋይናል ከት ራሱ እየቆጠበ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ምስሉ የለበትም፣ ቆረጣው ግን አለ። የካሜራ ካርዶቹ ካሉህ መልሰህ ታገናኘዋለህ።

ሰርግ ቤት፦
ባክአፑ አለ፣ የዛሬ 7 ሰዓት ተኩል ይላል! የሰርጉ ካርዶች አሉ፤ የመልሱን ግን ትናንት ፎርማት አድርጌዋለሁ። ሌላ ማክ ላላችሁት፣ ረዳቴ ጓዳው ክፍል ውስጥ አይማክ አለው። ከፍቶት ትቶት ይሆን? ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ይዞት ሄዷል። ደውዬለታለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ ብሏል።

ምናለ በለኝ፦
አይማኩን አጥፍተህ አብራው።

ካሜራ ሁለት፦
ሰርግ ቤት፣ እንዴት ሆነ?

ድንኳን ተከላ፦
ሦስት ቀን ሆነው እኮ። ረዳቱ ታክሲ ውስጥ ነው እስካሁን?