ዘርዓ ያዕቆብ ነበረ ወይስ አልነበረም? ደግሞ ተጀመረ

የአክሱም ልጅ፦ ትናንት አንድ የሬዲዮ እንግዳ "የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ የዘርዓ ያዕቆብ ነው የሚባለውን የግእዝ የፍልስፍና መጽሐፍ፣ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን፣ የጻፈው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው፤ ይሄ ያለቀለት ጉዳይ ነው" አለ። ጋዜጠኛውም "እሺ" ብሎ ሙዚቃ ከፈተ። መቼ ነው ያለቀለት? የፍልስፍና ምሁሩ ክሎድ ሰምነር ዕድሜውን የፈጀበት፣ የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ መጀመሪያ ተጠራጥረው በኋላ ሐሳባቸውን የቀየሩበት ነገር እንዲህ በአንድ አፍ ይዘጋል?

ጠርጣሪው፦ እንግዳው ከመሬት አልተነሳም። ጽሑፉን አገኘሁ ብሎ ለፈረንሳዊው የብራና ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ማን ነው? ራሱ ዳ ኡርቢኖ፣ በፈረንጅ 1850ዎቹ። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒም በ1920 ይህንኑ ነው የጠረጠረው።

የአክሱም ልጅ፦ ኮንቲ ሮሲኒ! በ1935 ኢትዮጵያ መሠልጠን አትችልም ብሎ የጻፈው? ጥሩ ምስክር አገኘህ።

ጠርጣሪው፦ ጀርመናዊው ምሁር ሚትቮክስ እንዴት ነው? በ1934 ከሱ ጋር የተስማማው ናዚዎች ከዩኒቨርሲቲ ያባረሩት አይሁዳዊ ነው። እሱንም ዘረኛ በለው።

ሰላም ለሁሉ፦ ወገኖች፣ ማን ጻፈው ምን ይጨምራል? ሐሳቡን እዩ። ዘርዓ ያዕቆብ ካቶሊክ ከሆነው ከዐፄ ሱስንዮስ ሸሽቶ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ገባ። ሁሉም የኔ ሃይማኖት ብቻ እውነት ነው ካለ ዳኛው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ልቡና ይፍረድ አለ። መብላት የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ ጾምን ፈጣሪ አላዘዘም እስከማለት ደረሰ። አይበቃም?

ደብተራው፦ ጾሙን እንኳ ተወው።

የአክሱም ልጅ፦ "ምን ይጨምራል?" ልጁ ካማረ አባቱ ማን ይሁን አይጠየቅም ማለት ነው?

ጠርጣሪው፦ እዚህ ላይ እንኳ ካንተ ጋር ነኝ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈ ሰውዬው የዴካርት ዘመነኛ ነው። በ19ኛው ከሆነ ግን ቮልቴርን ያነበበ ፈረንጅ ነው። ብዙ ይጨምራል እንጂ!

ሰላም ለሁሉ፦ እኔ ያልኩት ሐሳቡን ነው።

የአክሱም ልጅ፦ ያልከውንማ አይተናል። "ምን ይጨምራል።"

እቴ፦ ስለ ሚስቱ ስለ ሒሩት ማንም ትንፍሽ አላለም። ዘርዓ ያዕቆብን ያስጠጋው የባለጸጋው የሀብቱ ቤት ገረድ ነበረች። ሀብቱ ገረድህ ትሁን ሲለው፣ ገረድ ሳይሆን ሚስት ነው የምፈልገው፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው አለ። ደግሞ ማን ጠየቀው? መልከ መልካም እንዳልሆነች ሳይቀር ጻፈላት! እንዲህ የሚጽፍ ባል ነው። እንደ ዳ ኡርቢኖ ያለ ካፑቺን (የካቶሊክ ማኅበር) መነኩሴ ጋብቻን ከምንኩስና ያስበልጣል?

ጠርጣሪው፦ ምንኩስናው የሰለቸው መነኩሴ ከሆነ ከማንም በላይ ያስበልጣል።

እቴ፦ እንደሰለቸው በምን አወቅክ?

ጠርጣሪው፦ ለዳባዲ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አንብቢ።

ደብተራው፦ ደብዳቤውን ተዉትና ግእዙን ስንቶቻችሁ አንብባችኋል? ዘርዓ ያዕቆብ እንፍራንዝ ገብቶ ለሀብቱ ዳዊት እየጻፈ ነው እንጀራውን የበላው። ሐተታው ውስጥ መዝሙረ ዳዊት እንዴት እንደሚፈስ ልብ በሉ። ከልጅነቱ ዳዊት የደገመ ሰው እጅ ነው። ግእዝ የተማረ ሁሉ እንዲህ አይጽፍም።

ጠርጣሪው፦ ካቶሊክ መነኩሴስ ዳዊት አይደግምም? ደግሞ ያውም በየቀኑ!

ደብተራው፦ በላቲን!

የአክሱም ልጅ፦ ደብተራው፣ ተባረክ።

ጠርጣሪው፦ ጭብጨባ ማስረጃ ሆነ እንግዲህ።

እቴ፦ ወንድሜ፣ የደብዳቤውን ነገር ዘለልከው። የትኛው ደብዳቤ ነው? ቃሉን እዚህ አስቀምጥልኝ፣ እየጠበቅኩ ነው።