የዕቅድ ውይይት፦ ለቤት ፎቶ ኅትመት የጋራ የቀለም መለኪያ

ሰብሳቢዋ፦
ስክሪን ላይ የምናየውና ቤታችን የምናትመው ፎቶ ቀለሙ እንዲገጥም፣ ረቂቁ ላይ እስካሁን ያለው አንድ መስመር ነው፤ «ማኅበሩ የቀለም መለኪያ ይግዛ»። የትኛውን? የት ይቀመጣል? በምን ደንብ? እስከ ቅዳሜ ሐሳባችሁን ጣሉበትና እንቋጨው።

ከሆጤ (ደሴ)፦
መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው። ከለሪሜትር የሚያነበው ብርሃን የሚያወጣ ነገር ብቻ ነው፤ ስክሪን ላይ ይንጠለጠላል፣ ለወረቀት ግን አይሆንም። ስፔክትሮፎቶሜትር የራሱ መብራት ስላለው ስክሪኑንም የታተመውንም ያነባል፤ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው። እኔ ከለሪሜትሩ ይቅደም ባይ ነኝ። «ፎቶው ጠቆረብኝ» የሚባለው በአብዛኛው የፕሪንተሩ ጥፋት አይደለም። ብርሃኑ እስከ ጥግ በተከፈተ ስክሪን ላይ የተስተካከለ ፎቶ ወረቀት ላይ መጨለሙ አይቀርም። ስክሪኑን ግማሽ ሰዓት አሙቆ፣ ብርሃኑን ወደ 100 ካንዴላ በካሬ ሜትር አውርዶ፣ ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን (ከጥቁር ወደ ነጭ ያለውን የድምቀት አካሄድ) 2.2 ላይ ማሰር ብዙ ወረቀት ያድናል።

ገንዘብ ያዥ፦
ስካነር ሁላችንም ቤት አለ። በሱ መለካት አይቻልም?

ከሆጤ፦
አይሆንም። የስካነር ዳሳሽ ቀለምን የሚለየው እንደ ሰው ዓይን አይደለም፤ ለዓይን የተለያዩትን ሁለት ቀለሞች አንድ አድርጎ ሊያነባቸው ይችላል። ከሱ የሚወጣው ፕሮፋይል (ፕሪንተሩ ቀለሙን በትክክል እንዲያወጣ የሚመራው ፋይል) ስሕተቱንም አብሮ ይይዛል።

ከኮምቦልቻ፦
የስክሪኑ ነገር እውነት ነው ወንድሜ። ግን አንዴ የምንገዛ ከሆነ ሁለቱንም የሚችለውን እንግዛ፤ ኤክስ-ራይት ከለርመንኪ ፎቶ ያገለገለ ከተገኘ፣ ካልሆነም ተተኪው ካሊብራይት ከለርቼከር ስቱዲዮ። ከሱ ጋር የሚመጣው ሶፍትዌር 50 ቀለም ያለው ቻርት አሳትሞ ካነበበ በኋላ፣ ባገኘው ውጤት ሁለተኛ 50 ያወጣል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ፤ ኮምቦልቻና ደሴ ለምንቀመጥ ሰዎች በአንድ ፕሮፋይል ሁለት ምልልስ ነው። አርጂል በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ከሠራን ግን ቻርቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሁሉም ገጽ በአንድ ጊዜ ይታተማል። ያኔ መሣሪያው ቤት ለቤት አይዞርም፤ ደሴ ይቀመጥና ወረቀቱ ወደሱ ይሂድ። በሚኒባስ ለመላክ ሁለት ካርቶን መሐል ጠፍጣፋ አድርጎ ማሸግ ነው፤ ከተጠቀለለ መለኪያው እየተንሳፈፈ ያነባል።

ከፒያሳ (ደሴ)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ከግዢው በፊት መወሰን ያለበት ሌላ ነገር አለ። ፕሮፋይል የፕሪንተሩ ብቻ አይደለም፤ የፕሪንተሩ፣ የቀለሙ፣ የወረቀቱና የድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ ፕሪንተሩን የሚያዘው ፕሮግራም) ቅንብር የጋራ ልጅ ነው። (ቀለም ስል የጠርሙሱን ማለቴ ነው፤ አማርኛችን እዚህ ጋ ያምታታል።) ከጠርሙስ የሚሞላ ፕሪንተር፣ ኤፕሰን ኤል 805 ወይም ኤል 1800 ያለው ሰው ዛሬ ኦሪጅናሉን፣ ነገ ስሙ የማይታወቅ ጠርሙስ ከሞላ ትናንት የተሠራለት ፕሮፋይል ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቀለሙ አንድ ዓይነት ይሁን። ወረቀቱም ከሁለት አይለፍ፤ አንድ የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ማት።

ቻርቱ ሲታተም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ኖዝል ቼክ (የቀለም መርጫ ቀዳዳዎቹ አለመደፈናቸውን የሚያሳይ የሙከራ ኅትመት) ሳይደረግ ይታተማል፤ አንድ መስመር ከጎደለ ገጹ በሙሉ ይጣላል። ወይም የቀለም ማስተካከያው ሳይጠፋ ይታተማል። ቻርቱን አዶቤ ከለር ፕሪንተር ዩቲሊቲ በሚባለው፣ ቀለም ሳይነካ በሚያትም ፕሮግራም ክፈቱት፤ ድራይቨሩ ላይ «ኖ ከለር አጀስትመንት» (ቀለም አታስተካክል) ይመረጥ፣ መጠኑም 100 በመቶ ይሁን፣ «ፊት ቱ ፔጅ» (በገጹ ልክ አድርግ) አይነካ። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ገጹ ይደገም እንጂ አይቀጠል። ከዚያ ሌሊቱን ይድረቅ፤ በደንብ ያልደረቀ ቀለም ነገ ሌላ ቁጥር ይሰጣል።

ገንዘብ ያዥ፦
እንግዲያው ሦስት ወረቀት የሚጠቀም ሰው ሦስት ፕሮፋይል ይፈልጋል ማለት ነው። ሁለት ወረቀት የሚለው ይጻፍ። ለቻርት የሚሆነውን ወረቀትና ቀለም ግን ማኅበሩ አይከፍልም፤ ባለፕሪንተሩ ይሸፍን።

ከኮምቦልቻ፦
ለመለኪያ ያዡም ይጻፍለት፤ ከቻርቱ ሥር ሦስት አራት ነጭ ወረቀት ይነጠፍ፣ የጠረጴዛው ቀለም ሰርጎ እንዳይነበብ። ንባቡ ከነጩ ጠርዝ ይጀምር፣ እጅ እኩል ይሂድ። በየመሐሉ ከተቆመ ወይም ከተቸኮለ ፕሮግራሙ መስመሩን አይቀበልም።

ሰብሳቢዋ፦
ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ። አንድ ስፔክትሮፎቶሜትር ይገዛል፤ ደሴ ይቀመጣል፤ ፕሮፋይሉ በአርጂል ይሠራል። አባላት አንድ ዓይነት ቀለምና ሁለት ወረቀት ይይዛሉ፤ ቀለም የቀየረ ሰው ወረፋውን እንደገና ይይዛል። ላፕቶፕ ያለው ስክሪኑን ለማስለካት ይዞ ይመጣል። ትልቅ ስክሪን ያላቸው ለብቻ ቀን ይያዝላቸው።

ከፒያሳ፦
ሁለት ነገር ጨምሪበት እህቴ። በፕሮፋይሉ ፎቶ ሲታተም ፎቶሾፕ ቀለሙን ይምራ፣ የድራይቨሩ የቀለም ማስተካከያ እንደ ቻርቱ ጊዜ ጠፍቶ ይቆይ፤ ሁለቱም ካረሙ ፊት ሁሉ ይቀላል። የቻርቱ ፋይል ደግሞ በቴሌግራም ሲላክ «ፋይል» ተብሎ ይላክ። «ፎቶ» ተብሎ ከሄደ ተጨምቆ ቀለሙ ተቀይሮ ይደርሳል።

ሰብሳቢዋ፦
ገብቷል። ለቅዳሜ ዋጋ ጠይቆ የሚመጣው ማነው?